ጽዋ የያዘች ተከራይ

ቡሬ ከመግባቴ በፊት የተከራየሁት ፍኖተ ሰላም ነበር። ምክንያቱን ለሰው ሳስረዳ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ሥራዬ ቡሬ ነው፤ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ። ደላላው ግን ገና ከሐዋሳ ሳልነሳ በስልክ፣ «ቡሬ ቤት እሳት ሆኗል። ፋብሪካው በበዛ ቁጥር አከራዩም ዋጋ ይቆልላል። ፍኖተ ሰላም ይሻልሻል፣ እዚሁ ናት፣ ቅርብ» አለኝ። ቅርብ መሆኗ እውነት ነው፤ መኪና ላለው ሰው። እኔ በየማለዳው መናኸሪያ ቆሜ ሚኒባስ እስኪሞላ እጠብቅ ነበር። በኪራይ ያተረፍኩትን ለትራንስፖርት እየከፈልኩ፣ መንገድ በተዘጋ ቀን ደግሞ ከሥራ እየቀረሁ፣ ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ይህን ኑሮ ቁጠባ ብዬ ስጠራው ከረምኩ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሂሳብ አያስቸግረኝም ነበር። ይህቺን ስሌት ለመሥራት ግን አንድ ሙሉ ክረምት ፈጀብኝ።

በመጨረሻ ያው ደላላ ቡሬ ላይ አንዲት ክፍል አገኘልኝ። ኪራይዋ ከደመወዜ ግማሽ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ እኔም «ዝቅ ይላል» የምትለውን ቃል ይዤ ደስ አለኝ። የክፍሏ ባለቤት ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ከሚኖሩበት ቤት ጀርባ በተርታ የጭቃ ክፍሎች አሠርተው ለእኔ ቢጤ የፋብሪካ ሠራተኛ ያከራያሉ። መታወቂያዬን ተቀብለው ፊትና ኋላውን አገላብጠው አዩና ለደላላው፣ «ይሄማ የሌላ ክልል ነው። ልጅቷ ከየት ናት?» አሉት፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ።

«ከሐዋሳ ናት እትዬ፤ የተማረች ናት፤ ድምጿ አይሰማም» አለ ደላላው።

የመጨረሻዋ ነገር ሳትማርካቸው አልቀረችም። በዚያው ደንቡን ነገሩኝ፦ እንግዳ ማብዛት ክልክል ነው፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ መጠቀም ክልክል ነው፤ ውኃ የሚቀዳው ጧት ብቻ ነው። ሁሉንም እሺ አልኩ። እሺ ማለት ከልጅነቴ ጀምሮ ያለ ችግር የምሠራው ብቸኛ ሥራ ነው።

አዲሱን አገር መልመድ የከበደኝ ከሰላምታው ነበር። እኛ ሰፈር ሰው «ሰላም ነው?» ብሎ እያለፈ ነው መልሱን የሚሰማው። ቡሬ ላይ ሰላምታ ቆሞ የሚሰጥ ነገር ነው። በተለይ ለትልቅ ሰው ጎንበስ ማለት፣ አንቱ ማለት፣ የተጠየቁትን በተራ መመለስ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሰሞን ምን እንደምል ስለሚጨንቀኝ ለሁሉም ጥያቄ አንድ መልስ አዘጋጀሁ። አንድ ቀን ከገጠር የመጡ ሽማግሌ የፋብሪካው በር ላይ አቁመውኝ፣ እኔ ደኅና መሆኔን፣ እናቴ ደኅና መሆኗን፣ ቤቱ ደኅና መሆኑን ጠየቁኝ። «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ በየተራው። «ከብቶቹስ?» አሉኝ። «ደኅና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ከብት የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። ሽማግሌው ግን ደስ ብሏቸው ሄዱ።

የሚያስቀው ነገር፣ ሥራዬ ደግሞ «አይሆንም» ማለት ነው። የምግብ ምህንድስና አጥንቼ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ ተቀጠርኩ። ከቆጋም ከሌላውም አካባቢ በመኪና የሚመጣ ስንዴ ላብራቶሪ ይገባል፤ እርጥበቱንና ጥራቱን እለካለሁ፤ ከልክ ካለፈ አይገባም እላለሁ። ይህ ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ስንዴውን ያመጡት ሰው ፊት ለፊት ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ስንዴዬ ምን አለሽ?» ሲሉኝ ግን የተማርኩት ሁሉ ከአፌ ይጠፋል።

«ጥሩ ነው አባባ… ትንሽ ግን… እርጥበት ነገር…»

«ይደርቃላ!»

«አዎ፣ ይደርቃል።»

«እንግዲያው ላራግፈው?»

ይኼኔ ከጀርባዬ የሥራ ባልደረባዬ ትመጣለች። እዚሁ ጎጃም የሊበን ልጅ ናት፤ እኩያዬ ብትሆንም እንደ እኔ አታፍርም። «አባባ፣ አላለፈም። ፀሐይ ላይ አስጥተው ይመለሱ» ትላቸዋለች። ሰውየው አይቀየሟትም። አንዴ እንዲያውም ወደ እኔ እያመለከቱ፣ «ታዲያ ይህቺ ምን ትሠራለች?» ብለው ጠየቋት።

«እሷ መሣሪያውን ታነባለች።»

«አዪ! ንባብ ነው እንዴ የያዘችው» አሉ በአዘኔታ።

እንግዲህ እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ ከአከራዬ ጋር ስለ ኪራይ የተነጋገርኩት።

አከራዬ አንድ ምሽት ክፍሌ መጡ። ያለኝን አንድ ወንበር ሰጥቻቸው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ነጠላቸውን አስተካክለው ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ።

«ቆርቆሮ እንዴት ተወደደ በይ!»

«አዎ እትዬ።»

«ሲሚንቶውማ አይጠራ።»

«እሱማ።»

«ያ ማዶ ያለው ጎረቤት» አሉና የጎረቤታቸውን ዋጋ ነገሩኝ፤ «ይህቺኑ ለምታህል ክፍል።»

«እውነትም» አልኩ፤ ምክንያቱም ክፍሎቹ በእርግጥ እኩል ናቸው።

«ታዲያ በዚህ ኑሮ ሰው እንዴት ይዘልቃል ትያለሽ?»

«አይዘልቅም እትዬ።»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ የሆነ ነገር እንደሚጠብቁ ሆነው፣ «እንግዲህ ከሚመጣው ወር ጀምሮ እኛም እንደ ጎረቤቱ…» አሉ።

«እሺ» አልኩ።

ወዲያው አልተነሱም። ጥቂት ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን እንደገና አስተካክለው፣ «እሺ አልሽ?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። በሩን ሲወጡ እንኳ ዞር ብለው አዩኝ። እኔ ጨዋታው ስላለቀ ነበር ደስ ያለኝ። ለአንድ ክፍል ዋጋ ጭማሪ እንደዚያ ደስ ብሎት ያደረ ተከራይ ቡሬ ላይ ያለ አይመስለኝም። ጧት ስነቃ ነው የተስማማሁት ነገር የገባኝ፤ ደመወዜ ለኪራዩ ከበቃ ለምሳ አይበቃም።

ለባልደረባዬ ነገርኳት። በጣም አዘነችልኝና ከፋብሪካው ጀርባ ለሁለት የሚሆን ሰፊ ክፍል እንዳገኘች፣ ግማሽ ግማሽ ብንከፍል ለሁለታችንም እንደሚቀለን አጫወተችኝ። «ግን ቶሎ ለሴትዮዋ ንገሪያት። ባለቤቱ እስከ ወር መግቢያ ነው የሚጠብቀን» አለችኝ። እሺ አልኩ።

መንገር እንደ እሺ አይቀልም። ጧት ውኃ ስቀዳ ልነግራቸው እልና ውኃው ይሞላል። ማታ ስገባ ልነግራቸው እልና እሳቸው ቀድመው ስለ እናቴ ጤና ይጠይቁኛል። ላብራቶሪ ውስጥ ብቻዬን ስሆን የስንዴ ናሙናውን፣ «እትዬ፣ ቤቱን ልለቅ ነው» እያልኩ ተለማመድኩ። ስንዴው ተረድቶኛል። እንዲህ እያልኩ ቀኑ ሲጠብ እትዬ ራሳቸው በሬን አንኳኩ።

«ከነገ ወዲያ ማርያም ናት። ማኅበሩ እኔ ቤት ነው። ጎራ በይ ልጄ፣ ሰው አታይም እኮ አንቺ።»

ደስ አለኝ። እንግዳው ሲወጣ፣ እሳቸውም ደስ ብሏቸው ሳለ፣ ያኔ ነው የምነግራቸው ብዬ ወሰንኩ።

ስለ ማኅበር የማውቀው በልጅ እጅ የሚታወቀውን ያህል ነው። እናቴ ከማኅበር ስትመለስ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የምታመጣውን ዳቦ በልቻለሁ። ዳቦው ከየት እንደሚመጣ፣ ማን ቤት እንደሚጋገር፣ ተራው እንዴት እንደሚዞር ጠይቄ አላውቅም። አሁን የማውቀው ይህ ነው፦ የማኅበሩ ሰዎች በየወሩ በአንዳቸው ቤት ተሰብስበው ይጸልያሉ፣ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። በነጠላ የተሸፈነች ጠላ የያዘች የሸክላ ዕቃ አለች፤ ጽዋ ይሏታል። ሲያበቃ የሚቀጥለው ወር ደጋሽ ተነስቶ ጽዋዋን ይረከባል፤ በእልልታ እስከ ቤቱ ይሸኙታል። የተረከበ ሰው ደግሶ እስኪያስረክብ ድረስ የእመቤታችንን አደራ ይዟል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ያን ቀን ባውቅ ኖሮ መሬት ላይ ተጣብቄ እቀመጥ ነበር።

ያን ቀን በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዳቦ በላሁ፣ ጠላ ቀመስኩ፣ ሰው ሲስቅ ሳቅሁ። ጸሎት ተደረገ። ከዚያ ቄሱ ተረኛዋ እናት ልጃቸው ወልዳ ገበዘ ማርያም ወደሚባለው አገር አራስ ሊያርሱ እንደሄዱ ተናገሩና፣ «እንግዲህ ማን ይቀበል?» ብለው ጠየቁ።

ይህን ጥያቄ እኔ አልሰማሁትም። «እትዬ፣ ቤቱን ልለቅ ነው» የምትለዋን በሆዴ እየደገምኩ ነበር። ያየሁት ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ጸጥ ማለቱን ብቻ ነው። ጸሎቱ የቀጠለ መሰለኝ። አፋር ሰው ከተሰበሰበ ሰው መሃል ለመውጣት ምንጊዜም አንድ ጥሩ አፍታ ይፈልጋል፤ ማንም የማያይበት። ሁሉም መሬት መሬት ሲያይ፣ «አሁን!» አልኩና ተነሳሁ። ውጭ ሆኜ እንግዳው እስኪያልቅ ልጠብቅ ነበር ሐሳቤ።

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ።

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!»

«እመቤቴ አስነሳቻት!»

«ልጅ እግሯ ቀድማን እንዴ? ወይ እኛ!»

አንዷ እናት አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ። «ልወጣ ነበር» ለማለት አፌን ስከፍት ቄሱ፣ «ስመ ክርስትናሽ ማን ነው?» አሉኝ፤ ተናገርኩ። በዚያ ቀን አጥርቼ የተናገርኩት እሱን ብቻ ነው። አንድ ሰው እልልታ ተጀምሮ፣ ስሙ በጸሎት ተጠርቶ፣ «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው የተነሳሁት» ማለት ይችል ይሆናል። ያ ሰው እኔ አይደለሁም።

ጽዋዋን አሸከሙኝ። ከእትዬ ቤት እስከ እኔ ክፍል ያለው መንገድ ግቢውን መሻገር ብቻ ነው፤ መሃሉ ላይ ግን የልብስ ማስጫ ገመድ አለ፤ ገመዱ ላይ የእኔ የላብራቶሪ ጋዋንና ካልሲዎቼ ተሰጥተዋል። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው በካልሲዎቼ ሥር ጎንበስ ብለው አለፉ፤ ማኅበርተኛው በሙሉ ተከትሎ ጎንበስ እያለ አለፈ። ክፍሌ ስንደርስ ጽዋዋን የማሳርፍበት ስለጠፋኝ ላፕቶፔን ከጠረጴዛዬ ላይ አንስቼ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ። እትዬ በሩ ላይ ቆመው ዕንባቸውን ጠረጉ። «ከዚህ ግቢ ተከራይ ጽዋ ሲያነሳ የመጀመሪያሽ ነሽ ልጄ» አሉኝ። በዚህ መሃል ቤት እለቃለሁ የሚል ሰው አለ?

ከዚያን ቀን ጀምሮ ክፍሌ ውስጥ ሁለት ሆንን። ጽዋዋ ጠረጴዛው ላይ፣ እኔ አልጋው ላይ። ልብስ የምቀይረው በሩ ጀርባ ተሸሽጌ ሆነ። ሙዚቃ በጆሮ ማዳመጫ ካልሆነ አልከፍትም፤ ያንኑም ሳላፍር አይደለም።

በማግሥቱ ለባልደረባዬ ስነግራት የያዘችውን ወንፊት አስቀመጠች።

«ምን አደረግሽ?»

«ተነሳሁ።»

«ለምንድን ነው የተነሳሽው?»

«ልወጣ።»

ሳቋ ወፍጮውን በለጠው። ሌሎች ሠራተኞች መጥተው በር ላይ እስኪያዩን ድረስ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ፊቷ ተለወጠ። «አየሽ፣ ጽዋ ይዘሽ ያን ግቢ መልቀቅ አይሆንም። እነዚያን እናቶች ምን ልትያቸው ነው? የኔ እናት ሊበን ሆና ብትሰማ እኔን ነው የምትረግመኝ፤ አብሬሽ ስለኖርኩ።»

«ይዣት ብመጣስ? አዲሱ ክፍል ውስጥ ብደግስ?»

«አዲሱ አከራይ የማያውቃቸውን እናቶች እዚህ ድረስ ልታስኬጂ? ሴትዮዋስ ምን ይሰማታል? በፊቷ ተነስተሽ ወስደሽ፣ ከደጇ ይዘሽባት ልትሄጂ?»

«እንግዲያው አንድ ወር ጠብቂኝ።»

«እኔማ እጠብቅሻለሁ። ባለቤቱ ነው የማይጠብቀው።»

አልጠበቀም። ወር ሲገባ ከማሸጊያ ክፍል የምትሠራ ሌላ ልጅ አብራት ገባች። ባልደረባዬ ይቅርታ ስትጠይቀኝ «ምንም አይደል» አልኳት። ለእትዬም የጎረቤቱን ዋጋ የሚያህለውን አዲሱን ኪራይ ከፈልኩ። ምሳዬን ላብራቶሪ ለሙከራ ከሚጋገረው ዳቦ ላይ መብላት ጀመርኩ፤ ሥራ ወዳድ መስዬም ታየሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ለእናቴ ደወልኩላት። ማኅበሩን ደግሼ፣ ጽዋውን አስረክቤ፣ ሥራውንም ትቼ ሐዋሳ ልመለስ እንደሆነ ነገርኳት። ሥራ ፍለጋ ከቤት ስወጣ ጎረቤት ሁሉ ሸኝቶኝ ነበር። የሐዋሳን ሥራ ፈላጊ ብዛት አውቀዋለሁ፤ ከተመለስኩ ዳግም የምወጣበት ቀን እንደማይታወቅ ገብቶኛል። ስንዴ መመለስ ባልችልም ሥራዬን እወደው ነበር። እናቴ ትንሽ ዝም አለችና፣ «ነይ። ቤትሽ አይደለም እንዴ?» አለች። ዝምታዋን ለናፍቆት ሰጠሁት። ለአለቃዬ አልነገርኩትም። እሱን መንገር ደግሞ ሌላ ልምምድ ይጠይቃል።

ድግሱ ከፈራሁት ቀለለ። ቀኑ ጾም ላይ ስለዋለ ከዶሮ ተረፍኩ። ጠላውን እትዬ ራሳቸው ጠመቁልኝ፤ «አንቺ ጌሾውን ከገዛሽ ይበቃል» ብለው። ዳቦውን ለመጋገር ባልደረባዬ ከበደሏ ሁሉ ለመንጻት የመጣች ይመስል እጅጌዋን ሰብስባ መጣች። እኔም አስተዋጽኦ ለማድረግ ሊጡን ስለሚያያይዘው የዱቄቱ ግሉተን ትንሽ ማብራሪያ ሰጠሁ። የሚያቦኩት እናቶች በትሕትና አዳመጡኝ። ስጨርስ አንዷ፣ «ጎሽ ልጄ። እስቲ ያንን ጨው አቀብዪኝ» አሉኝ።

ቀኑ ደረሰ። እንግዳ ማብዛት ክልክል ነው ብለው ደንብ ያወጡት እትዬ ከቤታቸው አግዳሚ እያስወጡ ወደ ክፍሌ ሲያስገቡ ዋሉ። ቄሱ ወንበሬ ላይ፣ ታላላቆቹ አልጋዬ ላይ፣ የቀሩት በሩን ከፍተው ግቢው ውስጥ ተቀመጡ። ከአራስ ቤት የተመለሱት የገበዘ ማርያሟ ተረኛም አሉ። የልጅ ልጃቸውን እያወደሱ፣ «አሁን እኔ እቀበላለሁ፣ ይህቺ ልጅ ተራዬን ሸፈነችልኝ» አሉ። ጽዋዋን አስረከብኳቸው። ትከሻዬ ቀለለ። ቀረኝ ያልኩት ምርቃቱን መቀበልና ሻንጣዬን ማዘጋጀት ነበር።

ቄሱ መረቁኝ። ጤና፣ ዕድሜ፣ ትዳር፣ ልጅ፤ ለሁሉም አሜን አልኩ፤ ስለ ትዳሩ ሲሆን ትንሽ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። መጨረሻ ላይ፣ «የዓመት ሰው ይበልሽ፤ ለከርሞውም በዚሁ ቤት፣ በዚሁ ደጅ ያድርስሽ» አሉ።

ሁሉም «አሜን» አለ። እኔ አልወጣልኝም። ለትልቅ ሰው፣ ለአከራይ፣ ለገበሬ፣ ለሁሉም ውሸቴን እሺ ብያለሁ። ጽዋዋ ፊት ለፊቴ እያለች ግን የውሸት አሜን ማለት አልቻልኩም።

«ምነው ልጄ? አሜን በይ እንጂ» አሉ ቄሱ።

«አባታችን… እኔ በዚህ ቤት ለከርሞ አልደርስም።»

«በስመ አብ! ታመሻል እንዴ?» አሉ የገበዘ ማርያሟ እናት፤ ጽዋዋን እንደያዙ።

«አይ፣ አልታመምኩም። ቤቱን ልለቅ ነው። ኪራዩን አልቻልኩትም። አገሬ ልገባ ነው።»

ቡሬ ከገባሁ ወዲህ በአንድ ትንፋሽ የተናገርኩት ረጅሙ ንግግር ይህ ነው። ከዚያ ሁሉም ቀስ ብሎ ዞረ፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እትዬ።

እትዬ የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ። «ኪራዩን አልቻልኩትም? አንቺ ራስሽ እሺ አላልሽም?»

«ብያለሁ እትዬ።»

«ታዲያ!» ወደ ሰዉ ዞሩ። «እስቲ ፍረዱኝ። እኔ ወሬ ልጀምር ገባሁ። ቆርቆሮ ተወደደ አልኩ፤ አዎ አለች። ጎረቤት እንዲህ ያስከፍላል አልኩ፤ እውነትም አለች። እንግዲህ እሷም የራሷን ትላለች፣ እኔም ትንሽ እቀንሳለሁ፣ እንጨርሳለን ብዬ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ… እሺ! እሺ አለችኝ! ከአፌ የወጣውን መልሼ ልዋጠው? ደንግጬ ነው የወጣሁት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ የሐዋሳ ሰው እንዲህ ሀብታም ነው እንዴ ብዬ።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

«ምን ልትልሽ ነበር የጠበቅሽው?» አሉ የገበዘ ማርያሟ እናት።

«የማይባል ነገር አለ? ደመወዝ አነሰኝ ትላለች፣ እናቴን እረዳለሁ ትላለች፣ ጣሪያው ያፈሳል ትላለች። ስንቱ ተከራይ ስንቱን ብሎኛል!»

«ጣሪያው ያፈሳል እንዴ?» አሉኝ ቄሱ።

«ትንሽ።»

«የቱ ጋ?»

«እርስዎ የተቀመጡበት ላይ።»

ቄሱ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ፤ ከዚያ ወንበራቸውን ትንሽ ሳብ አደረጉ። «እንግዲያው ንግግሩ አላለቀም ማለት ነው» አሉ። «ገና አልተጀመረም። በሉ አሁን እኛ ባለንበት ጀምሩት።»

እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ። የሚገርመው፣ ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር።

«ቆርቆሮ ተወዷል» አሉ።

«አዎ…» ብዬ ስጀምር ግቢው በአንድ ድምፅ ጮኸብኝ። ባልደረባዬ ከበሩ ላይ፣ «አዎ አትበይ!» አለችኝ።

«ደመወዜ ግን… ባለበት ነው» አልኩ።

«እሰይ!» አለ አንድ ሰው።

«ሲሚንቶስ? ሲሚንቶ አይወደድም?»

«ክፍሏ እኮ የጭቃ ናት እትዬ።»

እልልታ ተነሳ። እትዬ ራሳቸው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። «ይህን ሁሉ ጊዜ አፍ ነበራት እንዴ! እሺ፣ አንቺ ስንት ትያለሽ?»

እዚህ ላይ ድል ራሴ ላይ ወጣ። ከጥንቱ ኪራይም በታች፣ በጣም በታች የሆነ ዋጋ ጠራሁ። ሳቁ ቆመ። አልጋዬ ላይ ከተቀመጡት እናቶች አንዷ ጎተት አድርገውኝ በጆሮዬ፣ «እንዲህማ አይባልም የኔ ልጅ፣ ነውር ነው» አሉኝ። ፊቴ እሳት ሆነ። «ይቅርታ እትዬ፣ የበፊቱ… የበፊቱ ይሻላል» አልኩ።

«እሱ ይሻላል» አሉ ቄሱ። «ጣሪያው ይጠገን፣ ልጅቷ በበፊቱ ትቀመጥ። አንቺስ?»

እትዬ የሚያስቡ መስለው፣ የሚጎዱ መስለው፣ ለደንቡ ያህል አንገታቸውን ነቀነቁ። «ምን አደርጋለሁ? ጽዋ የተነሳበትን ቤት ለማን አከራያለሁ?» አሉ። «ለአዲስ ዓመት ግን…»

«ለአዲስ ዓመት ያኔ እናወራለን» አልኩ።

ጽዋዋ በእልልታ ከግቢው ወጣች። እኔም እስከ በሩ ሸኝቼ ተመለስኩና ገና ዕቃ ሳይነሳ፣ ሞቅ እንዳለኝ፣ ለእናቴ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ አልመጣም። እዚሁ ልቀመጥ ነው። ኪራዩን ተነጋገርኩ።»

«አንቺ ተነጋገርሽ?»

«እኔ ራሴ።»

ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። «እመቤቴ ትመስገን» አለች። «ክፍልሽን እኮ አከራይቼዋለሁ። እንደሄድሽ ሰሞን ነው። ትመጫለሽ ከተባለ ጀምሮ ለልጁ ልቀቅ ማለት አፍሬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ሳሎን እንተኛለን ብዬ ነበር ያሰብኩት።»

«ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነይ ካልኩሽ በኋላ አትምጪ ልልሽ?»

ተሰነባበትን፤ ግን ሁለታችንም ስልኩን ቀድመን መዝጋት አፍረን፣ «እሺ በቃ»፣ «እሺ እማዬ»፣ «በይ እሺ» እየተባባልን ሳለ ካርዱ አለቀ።